ክዳን ፍለጋ በዓባ ሻውል

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ከማተሚያው የወጣ፣ ገና ለብ ያለ ወረቀት ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ከትግርኛ የተተረጎመ አጭር ዜና ነበር፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ብርዱ ስለጠና ለአረጋውያን «ክዳን» ማደሉን ይናገራል። ልጅቷ ጥንቁቅ ስለሆነች አረጋውያኑ ይህን ሁሉ ክዳን ለምን እንደፈለጉት፣ ድስቱንስ ማን እንደሰጣቸው ልትጠይቀኝ ነበር የመጣችው። እስክርቢቶ አንስቼ ቃሉን ሰረዝኩና «ልብስ» ብዬ ጻፍኩበት። በትግርኛ ክዳን ማለት ልብስ ነው፤ እኛ ክዳን የምንለው የድስት መክደኛ ደግሞ መኽደኒ ይባላል። በዚህ የዜና አርታኢነት ሙያ ብዙ ስሕተት አርሜያለሁ፤ ይህን ሳርም ግን እጄ ትንሽ ዘገየ፣ ምክንያቱም በልጅነቴ ቤታችንን ያቆመው ይኸው ስሕተት ነበር።

የኤርትራ ነፃነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አሥመራ ውስጥ፣ ዓባ ሻውል በሚባለው ሰፈር እኔና እማዬ አንዲት ባለ ድንጋይ ግድግዳ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከወሎ መጥቶ፣ ጦርነቱ ሳያልቅ በሕመም ሞቶ እዚያው ከተማ ተቀብሯል። እሱ ሲሞት የመንግሥት ቤቱን ለቀቅን፤ መንግሥት ሲወድቅ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ አልጋቸውንና ቁም ሳጥናቸውን እየሸጡ ወደ ኢትዮጵያ ይወጡ ጀመር። እማዬ መውጣት አልፈለገችም። ምክንያቷን በብዙ ቃል አትገልጸውም፤ እሁድ እሁድ ወደ አባዬ መቃብር ሄዳ አረሙን ትነቅላለች፣ ስትመለስ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን አፈር እንኳ ቶሎ አትታጠበውም ነበር።

ችግሯ ቋንቋ ነበር። በሠራተኞች ሰፈር ስንኖር ባለሱቁም፣ ሽንኩርት ሻጯም፣ የእኔም አስተማሪዎች ሁሉ በአማርኛ ያነጋግሯት ስለነበር፣ በዚያች ከተማ አሥራ አራት ዓመት ኖራ የያዘችው ትግርኛ በጣት የሚቆጠር ነው። አሁን ግን በመንገድ ላይ አፏን መክፈት አፍራ፣ ገበያ ስትሄድ ዕቃውን በጣቷ እያሳየች ትገዛና ለሁሉም ነገር «ሕራይ» ብላ ትመለሳለች፤ ሕራይ እሺ ማለት ነው። እኔ በመንገድ ላይ ኳስ ስጫወት ያደግሁ ስለሆንኩ ትግርኛው አይቸግረኝም፤ ላስተምርሽ ስላት ግን «በሃምሳ ዓመቴ ፊደል ልቆጥር ነው?» ትለኛለች፣ ሃምሳ ገና አልሞላትም።

በሰፈራችን አጠገብ ያለው የካቶሊክ ቁምስና ከጦርነቱ በኋላ ለተቸገሩ ሰዎች ብዙ ይሠራ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ወጥ ቤት ከአልጋቸው መነሣት ለማይችሉ ሰዎች በየቀኑ ምሳ ያበስላል፤ በዚያው የሚኖሩት ደናግል የሚያሳድጓቸውን ወላጅ የሌላቸው ልጃገረዶችና በዓዲ ኣበይቶ መንገድ የሚገኘውን የአረጋውያን መጠለያም ይኸው ቁምስና ይረዳል። ምእመናኑ ራሳቸው ችግረኞች ስለነበሩ የሚያመጡት እንጨት፣ ምስር፣ ግማሽ ሳሙና ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ ብትሆንም ቅዳሴው በግዕዝ ስለሆነ እንግድነት አልተሰማትም፤ አንድ ቀን ስንዴ ልትቀበል ሄዳ፣ ወረፋው ሲረዝምባት የተቆለለ ድስት አይታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ማጠብ ጀመረች። በዚያው ቀረች።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ኣደይ ኣብረኸት፣ ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፣ ረጅም ሴት ነበሩ፤ ጭልፋቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያወዛወዙ አንዱን ያሳልፋሉ፣ ሌላውን ያስቆማሉ። እማዬን ወደዷትና በቋሚነት፣ በትንሽ ደመወዝ እንድትቀጠር ኮሚቴውን ጠየቁ። አንዲት የኮሚቴ አባል ግን «ቋንቋ አታውቅም» ብላ ተቃወመች። ከዚህ ሌላ ምክንያት እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ማንም ግን አልተናገረውም፤ በዚያ ሰፈር በጦርነቱ ልጅ ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው። ጉዳዩ ለእሁድ ተቀጠረ። በግቢያችን የቀሩት የመጨረሻዋ ወሎዬ፣ እትዬ አሰለፈች፣ ሰኞ በሚወጣው አውቶቡስ ሁለት ወንበር ይዘውልን ነበርና እማዬ ቁርጡን ነገረቻቸው፦

«እሁድ ቆዪ ካሉኝ እቆያለሁ። ካላሉኝ ሰኞ አብሬዎት እወጣለሁ።»

በዚያ ሳምንት ወጥ ቤቱን የሚያስጨንቀው የክዳን ነገር ነበር። ትልልቆቹ ድስቶች ከአንድ የተዘጋ ሆቴል የተሰጡ ሲሆኑ ክዳን አልነበራቸውም፤ በካርቶን ተሸፍነው በእጅ ጋሪ ወደየቤቱ ሲሄዱ ካርቶኑ በእንፋሎት ረጥቦ ሾርባው ውስጥ ይገባል፣ የቀረውን ቦታ የጥር ነፋስ በአቧራ ይሞላዋል። ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ የዋሉ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ፣ ሾርባው በደረሳቸው ቁጥር ቀምሰው «ዛሬም ሲሚንቶው በዝቷል» ይሉ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ኣደይ ኣብረኸት እማዬን ጠርተው፣ መዳፋቸውን ድስቱ አፍ ላይ ከድነው፣ በትግርኛ ከጎረቤት እየዞረች እንድትሰበስብ ነገሯት። እማዬ የመዳፉን ነገር ተረዳች፣ «ሕራይ» አለችና ወጣች።

እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የሆነውን በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። የመጀመሪያው የጫማ ሰፊው ቤት ነበር፤ ሚስቱ በሩን ስትከፍት እማዬ ትንፋሿን ሰብስባ «ክዳን፣ ንቤተ ክርስቲያን» አለች፤ ለቤተ ክርስቲያን ማለቷ ነው። ሴትየዋ ትንሽ አየቻትና ገብታ የሱፍ ሹራብ አመጣችላት። እማዬ ድስቱ ሙቀቱን እንዲጠብቅ መጠቅለያው መሆን አለበት ብላ አሰበች፤ እንዲያውም ብልህነታቸው አስገረማት። ሁለተኛው ቤት የሕፃን ሱሪ ሰጧት፤ ይህ ደግሞ ለትንሹ ድስት ነው አለች በልቧ። ሦስተኛው ቤት የምትኖረው ኣደይ ለምለም የምትባል፣ ጥቁር ነጠላ የማትለያት ሴት ናት። እማዬ ቃሉን ስትናገር ኣደይ ለምለም ወደ ጓዳ ገባች፤ ከሣጥን ውስጥ የተተኮሰ የወንድ ጃኬት አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። እማዬ ያኔ የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ገባት። ምን እንደሆነ ግን የምትጠይቅበት ቃል አልነበራትም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የቧንቧው ውኃ ያለበት መታጠፊያ ላይ አገኘኋት፤ ልብሱ እስከ አገጯ ተቆልሎ፣ ከላይ ያ ጃኬት አለ። ክዳን ስትይ የለመንሻቸው ልብስ ነው ብዬ ነገርኳት። ስስቅ አይታ መሳቋን ጠብቄ ነበር፣ እሷ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ከእኛ የባሰባቸውን ሰዎች ገላ ገፈፍኩ በለኛ።»

ጥቂት ቆይታ ተነሣች። መጀመሪያ ጃኬቱን ልትመልስ ወሰነች፣ ልተርጉምልሽ ስላትም ከለከለችኝ። የጠየቀችኝ አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ እስከ ኣደይ ለምለም በር ድረስ «መኽደኒ፣ መኽደኒ» እያለች ሄደች፣ ጉሮሮዋ ግን ኽ የምትለዋን ድምፅ እምቢ ስላላት ከእያንዳንዱ «መኽደኒ» በኋላ ታስላለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እማዬ ጃኬቱን ዘርግታ ይዛ፣ ሦስት ቃል ትግርኛ፣ አንድ ሳልና ብዙ የእጅ ምልክት አደባልቃ ስሕተቷን ተናዘዘች። ኣደይ ለምለም እስክትጨርስ ጠበቀቻትና ጥርት ባለ አማርኛ መለሰችላት፤ «ሐ» እና «ዐ» የሚሉትን ፊደላት ብቻ እንደ አገሯ ሰው ከጉሮሮዋ ታወጣቸዋለች።

«ዐማርኛ ዐውቃለሁ እኮ። ዐሥር ዓመት ለመኮንን ሚስቶች ሽንኩርት የሸጥኩ ሴት ነኝ። የፈለግሽው መኽደኒ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ጃኬቱን ለምን ሰጡኝ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እየመጣ አጽናናኝ። ክዳን አለሽ ወይ ያለኝ ግን የለም። አንቺ ጠየቅሽኝ፣ ሰጠሁሽ።» ጃኬቱ ለትግል በረሃ ወጥቶ ያልተመለሰው የልጇ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ ጨመረች፣ «በኮሚቴው አትቅጠሯት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

እማዬ የዘረጋችውን ጃኬት መልሳ አጠፈች። «እሁድስ ምን ይላሉ?» አለቻት።

«እሁድ እሁድ ነው። አሁን ያዥ» አለችና እሳቱ ላይ ከሚፈላው ሽሮ ድስት ላይ ክዳኑን አንሥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ጃኬቱ ላይ አስቀመጠችው። ትኩስ ስለነበር እማዬ ቤታችን እስክትደርስ ድረስ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ታገላብጠው ነበር።

የሰፈሩ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ዞሮ ነበር። ዓርብ ጠዋት በራችንን የጫማ ሰፊው ሚስት አንኳኳች፤ በግራ እጇ የብረት ክዳን፣ በቀኝዋ የልጇን ካፖርት ይዛለች። «የሺ፣ ካፖርቱ ለየትኛው ድስት ነው? ልኩን ንገሪኝ» ስትል እማዬ «ሕራይ» አለቻትና ሁለቱም ሳቁ፤ እናቴ ከቤት ውጭ ስትስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው አልተቋረጠም። አንዱ እጀታው የወለቀ ክዳን ያመጣል፤ ሌላው ሸሚዝ ካጣ ቁልፍ ያመጣል። አንድ የታክሲ ሾፌር ከሌላ ሰፈር፣ ከፓራዲዞ ድረስ የሚስቱን ሁለት ቀሚስ ይዞ መጣና፣ ባለቤቱ ሳታውቅ እንዳይሆን ስንጠይቀው «እሷ ናት የላከችኝ፣ የኔን ነው ያልነገርኳት» ብሎ ከወንበሩ ሥር የራሱን ሹራብ አወጣ። ቅዳሜ ማታ ክፍላችን ውስጥ የምንረግጥበት ቦታ አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእጅ ጋሪው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሁሉንም ወደ ቁምስናው አዳራሽ አደረሰ። ቄሱ በክምሩ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሩ። ኣደይ ኣብረኸት ክዳኖቹን በድስቶቹ ላይ አንድ በአንድ ለኩ፤ ለሁሉም ተገኘ፣ ጥቂቶቹ በልካቸው፣ አንዱ በድንጋይ ተይዞ። ኮሚቴው ሲቀመጥ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ፣ የእኔን እጅ እስኪያመኝ ጨብጣው ነበር። ኣደይ ለምለም ተነሥታ በትግርኛ የተናገረችው አጭር ነው፦ «ቋንቋ አታውቅም ያልኩ እኔ ነኝ። ቋንቋ ከምናውቀው መሐል ከዚህ ሰፈር ይህን ያህል አምጥቶ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።» እጅ ያወጣ አልነበረም። ኣደይ ኣብረኸት ጭልፋቸውን ወደ እማዬ ዘርግተው ወደ ወጥ ቤቱ አመለከቷት፤ እማዬ የተወሰነላት መሆኑን የተረዳችው በዚያ ነው።

በሳምንቱ ልብሱ ታጥቦ ለልጃገረዶቹና ለአረጋውያኑ ተከፋፈለ። ኣደይ ለምለም በፈረስ ጋሪ ላይ ተቀምጣ እስከ ዓዲ ኣበይቶው መጠለያ አብራን ሄደች፤ ጃኬቱ ትከሻው ለጠበበ፣ ክንዱ ላጠረ አንድ ሽማግሌ ደረሰው፣ እሷ ራሷ ቁልፎቹን ቆለፈችለትና «እጅጌው ይጠቀለላል፣ አታሳጥረው» አለችው። ግንበኛውም ክዳኑ በመጣ በመጀመሪያው ሰኞ ሾርባቸውን ቀምሰው ጨው እንደሌለው አስተዋሉ፤ ለካ እስከዚያ ቀን የሸፈነው አቧራው ነበር።

በዚያው ሰኞ ጠዋት እትዬ አሰለፈች ሻንጣቸውን አውቶቡሱ ላይ ካስጫኑ በኋላ በመስኮት ብቅ ብለው «የሺ፣ ሁለት ወንበር ባዶውን ይዤ ልሂድ?» አሏት። እማዬም «እግርዎን ይዘርጉበት፣ መንገዱ ረጅም ነው» አለቻቸውና ለስንቅ የጋገረችውን ዳቦ ሰጠቻቸው። አውቶቡሱ ሲዞር ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ በግቢያችን ውስጥ አማርኛ የምንነጋገር እኔና እሷ ብቻ ቀረን፤ ሰፈሩ ግን ስም አውጥቶላት ነበር፣ «ኣደይ ክዳን»፣ በየዓመቱም ጥር ሲገባ ሰዎች ሳይጠየቁ ልብስ ይዘው የሚመጡት ወደ እሷ በር ሆነ።

እኔ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት በፈቃዴ ነው። በዓመቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ሁለቱ አገሮች ተጣሉና መንገዱ ተዘጋ። የዚያን ግቢና የወጥ ቤቱን ሰዎች ፈልጌ የደረሱበትን ያወቅሁት የጥቂቶቹን ብቻ ነው። እትዬ አሰለፈች ደሴ ሞቱ። ኣደይ ኣብረኸት መቼ እንደሞቱ ያጣራሁት ነገር የለኝም። እማዬ እስከ መጨረሻው ከወጥ ቤቱ አልወጣችም፤ መሞቷን የሰማሁት በሦስተኛ አገር በኩል በተደወለ፣ በሚቆራረጥ ስልክ ነው፤ የደወለችልኝ ኣደይ ለምለም ነበረች፣ በዚያው በጥርት ባለው አማርኛዋ። ገላዋን እሷ እንዳጠበቻት፣ እንደፈለገችውም ከአባዬ አጠገብ እንዳሳረፏት፣ ከቁምስናው እስከ መቃብሩ ያለው መንገድ በሰው ሞልቶ መኪና እንደቆመ ነገረችኝ። የሕዝቡንም ብዛት በቁጥር ነገረችኝ። ቦታው ላይ ሆኜ ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም፤ ቦታው ላይ አለመኖሬን ግን እጽፋለሁ።