ሀያ አራት ሄዱ፣ ሀያ አራት ተመለሱ፣ አንዷ ግን ቀረች

ልጆች ይዞ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ መቁጠር ብቻ አይበቃም፣ በስም መጥራት ያስፈልጋል።

ዛሬ እኛ በጎ ፈቃደኞች ሀያ አራት ልጆች ከቆቦ ወደ ሮቢት ለችግኝ ተከላ ወሰድን። ስንመለስ አስተባባሪያችን ሰይድ መኪናው ውስጥ ቆጠረ፤ ሀያ አራት። እኔም ደግሜ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው።

ቆቦ ስንደርስ አንዲት እናት ጠጋ ብላ «መምህር፣ ዘሀራስ?» አለችኝ።

ዘሀራ የአስር ሶላት ልትሰግድ መስጊድ ገብታ ቀርታለች። በእሷ ቦታ የቆጠርናት ቆቦ ያለች አክስቷ ዘንድ ለመምጣት ዝም ብላ የተሳፈረች የሮቢት ልጅ ናት።

ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የስም መጥሪያውንም አብሬ ጡረታ አውጥቼዋለሁ መሰል።

ሰይድ ወዲያው በባጃጅ ተመለሰ። መስጊዱ በር ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። «መኪናው ይመለሳል ብዬ ነው የጠበቅኩ» አለችው።

ሰይድ ከሀፍረቱ እስካሁን ቀና ብሎ አላየኝም። የእረፍት ቀኑን ለልጆች የሚሰጥ ወጣት ነው፤ ጥፋቱም የሁለታችን ነው።

ቅዳሜ ወደ ጎብዬ እንወጣለን። እናንተ ልጅ እንዳይቀርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እባካችሁ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ፤ ለሰይድ አነብለታለሁ።