ክኒን ያልቀመሰችው ጦይባ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ለሽንት ሕመም ስታከም፣ ወጣቱ ሐኪም የላቦራቶሪውን ወረቀት ደጋግሞ አየና «እማማ፣ ይህን ጀርም አራት ዓይነት መድኃኒት አይነካውም። እነዚህን ብዙ ጊዜ ወስደዋል?» አለኝ። አንዱንም ወስጄ አላውቅም። እሱ ተገረመ። እኔ ግን አንድ የሞጣ ነሐሴ ትዝ አለኝ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከጅማ ሞጣ ተመድቤ የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ብቸኛ ነርስ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የክረምቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሰዉ ግን ያሞቅ ነበር። «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። መድኃኒት የለመነኝን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይሆንልኝም ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተ ጊዜ፣ ሰይድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ሚስቱን ጦይባን በቃሬዛ አሸክሞ አመጣት። ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟታል። ዐይኗ ጎድጉዶ፣ ቆዳዋ ሲቆነጠጥ እንደተጨማደደ ይቀራል። ቴትራሳይክሊን ጀመርኩላት፤ ባሰባት። ሰልፋ የሚባለውን ክኒን ሰጠኋት፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ክሎራምፌኒኮል ሞከርኩ። ደሙ አልቆመም።

«ከዚህ በፊት ክኒን ትወስድ ነበር?» አልኩት ሰይድን።

«ወላሂ፣ ሲስተር፣ በዕድሜዋ አንድ ፍሬ አልቀመሰችም።»

የጦይባ እናት ሕፃኑን አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። «ዱቄት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም የምትሰጫት! ልጄን ልትገድያት ነው!» አሉኝ። ውጭ ዝናብ የተጠለለው ሰው ሁሉ ሰማ።

ለጤና መኮንኑ ለአቶ ግርማ ደብዳቤ ጽፌ ሰይድን በበቅሎ ወደ ቢቸና ላክሁት። በደብረ ወርቅ በኩል ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ስለነበር መኪና መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። እኔ ጨውና ስኳር የበጠበጥኩበትን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በማንኪያ አጠጣት ጀመር። ትተፋዋለች፤ እደግማለሁ። በሦስተኛው ቀን የደም ሥሯ ትርታ ከጣቴ ሥር ይጠፋብኝ ጀመር። ያን ጊዜ እናቷ ሕፃኑን አስተኝተው ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱ።

«አምጪ፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ተፈራረቅን።

በአምስተኛው ቀን ሰይድና አቶ ግርማ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ። አቶ ግርማ አምፒሲሊን የሚባል ያኔ በአገራችን ብርቅ የነበረ መድኃኒት ወጓት። በሁለት ቀን ውስጥ ደሙ ቆመ። ጦይባም «ልጄን አምጡልኝ» አለች።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን እየበላን «መድኃኒት ቀምሳ የማታውቅ ሴት ጀርሟ እንዴት ሦስቱን ይቋቋማል?» ብዬ አቶ ግርማን ጠየቅኋቸው።

«ጀርም ከጀርም ይወስዳል» አሉኝ። «በጤነኛ ሰው ሆድ ከሚኖረው ጉዳት የሌለው ጀርም፣ ሰውየው መድኃኒት ባዘወተረ ቁጥር መድኃኒቱን የሚቋቋመው ብቻ ይተርፋል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ጀርም ሲያገኝ፣ ሲነካካ የመቋቋሚያውን ቅጂ ያቀብለዋል። ዘመድ መሆን አያስፈልግም፤ ሰጪውም አይጎድልበትም። በአንዱ ቅጂ ላይ ደግሞ የብዙ መድኃኒት መቋቋሚያ አብሮ ሊተላለፍ ይችላል። ጀርሙም በእጅና በምግብ ከአንዱ የቤት ሰው ወደ ሌላው ይሻገራል።» ቀጥለው «በቤቱ ቴትራሳይክሊን የሚያዘወትር አለ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰይድ ከጎናችን። «ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ሲስተር ትሰጠኛለች። አላህ ይስጣት።»

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት። አቶ ግርማ ቀና ብለው አዩኝ። ብቻችንን ስንሆን ግን «ከእሱ ይምጣ ከሌላ፣ ማወቂያ የለንም። ይህ አንቺን ነፃ አያወጣሽም» አሉኝ።

ሌሊቱን ሳላንቀላፋ አደርኩ። ዝም ብል ከአቶ ግርማ በቀር የሚያውቅብኝ አልነበረም። ጠዋት ሰይድን ጠርቼ «ያ መድኃኒት ለጉንፋን አይሆንም ነበር። ስትለምነኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው የሰጠሁህ። ምናልባት የጦይባ መከራ የመጣው በዚያ ይሆናል» አልኩት።

 «ይህን ለእናቷ አትንገሪ» አለኝ። «ሌላ ሰው ሲለምንሽ ግን እምቢ በይ።»

እምቢ ማለት ጀመርኩ። ብዙ ሰው ተቀየመኝ፤ ከጅማ የመጣችው ኮራች ተባልኩ። ከባዱ ግን እሱ አልነበረም። ዛሬ በእርጅናዬ ሳስበው፣ ያኔ ደግነት ያልኩት ነገር ግማሹ መወደድን መፈለግ ነበር። ጦይባ ባትድን ኖሮ፣ ይህን ለሰው የምናገር አይመስለኝም።