ደረቁ ጠ፣ እርጥቡ ተ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ይዤ ጅማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የንግግርና የመስማት ማዕከል ሄድኩ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፊደል እምቢ ብሎታል። አንዲት ወጣት ባለሙያ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጋለት የሚቀራረቡ ድምፆች እያሰማች፣ “አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?” ትለዋለች። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ዘይነብ ሄደ።

ዘመኑ ደርግ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከአጋሮ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ተመደብኩ። ዘይነብ አንደኛ ክፍልን ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ጠን ተ፣ ቀን ከ ትላለች። ዳይሬክተሩ፣ “ጓድ መምህርት፣ በመንፈቁ ፈተና ከወደቀች ቦታዋን ለሌላ ልጅ ትልቀቅ” አሉኝ። እኔ ሳይጠሩት አቤት ባይዋ ምክንያቱን ወዲያው ደረስኩበት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ስለሆነ ነው አልኩ።

ይህንኑ ለእናቷ ለአዴ ሀዋ ብነግራቸው ሳቃቸው መጣ።

“ልጄ፣ ኦሮምኛውንስ መች ለየችው? ‘ጣፊ’ ብዬ ጤፍ አምጪ ስላት፣ ‘ታኢ’ ተቀመጪ ያልኳት መስሏት ቁጭ ትላለች!” ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። “ሰው ደንቆሮ ይላታል። ወላሂ፣ ደንቆሮ አይደለችም።”

አፈርኩ። ጠ በኦሮምኛም እንዳለ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር።

የበቆሎ ቂጣ በማር አቀረቡልኝ። ኅዳር ስለነበር ግቢው ሙሉ ቡና ተሰጥቷል። ዘይነብ ከስጡ እፍኝ አንስታ ጆሮዋ ሥር ትነቀንቃለች፤ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። “ይሄ ገና ነው።” ሌላ እፍኝ። “ይሄ ደርቋል።” ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ ሲደርቅ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። አዴ ሀዋ በልጃቸው ጆሮ ተማምነው ደረቁን ወደ ጆንያ ይገለብጣሉ። ጆሮዋስ ደኅና ነው፤ ለካ የፈጠነባት የእኛ አፍ ነው።

በማግስቱ አንድ ጣሳ ደረቅ ቡና፣ አንድ ጣሳ እርጥብ ይዤ መጣሁ። ከትምህርት በኋላ “ጠ” ስል ደረቁን፣ “ተ” ስል እርጥቡን እነቀንቃለሁ፤ ቀስ፣ በጣም ቀስ ብዬ። ለሳምንታት ስታደባልቅብኝ ቆየች። አንዳንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ጮህኩባት፤ ዛሬም ይቆጨኛል። አንድ ቀን ጣሳ ሳልነካ “ጤፍ” ብላት እጇ ወደ ደረቁ ሄደ። እቅፍ አደረግኋት።

ለፈተናው ቃላቱን ያስጻፉት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ፤ ሲናገሩ ደግሞ ጥድፊያ ነው። ሦስተኛው ቃል ላይ ዘይነብ ብድግ አለች። ክፍል ውስጥ ካልጠሯት በቀር ተናግራ የማታውቅ ልጅ ናት።

“ጋሼ፣ አልሰማሁም። ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አበቃላት ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ዳይሬክተሩ ግን ቃሉን ደገሙላት፤ የቀሩትንም ቃላት ቀስ ብለው አስጻፉ። ከአሥር ሰባት አገኘች። ከቦታዋ ያነሳት የለም።

ባለሙያዋ ሥራዋን ጨርሳ ወደ እኔ ዞረችና አንድ ነገር ተናገረች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሮዬ ደክሟል፤ ሰው እንዳያውቅብኝ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ አልፋለሁ። ልጆቼ እንኳ አያውቁም። ያን ቀን ግን፣ “የኔ ልጅ፣ አልሰማሁሽም” አልኳት። ጆሮዬንም አስጠጋሁላት። ይህን ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ፣ ያውም እንደ ዘይነብ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት፣ የገባኝ ገና ያን ጊዜ ነው።