ጣሪያውን ኖራ የቀባን ቀን

ሆሳዕና ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የታሰርኩት ስብሰባ መሃል ተነስቼ «የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ለምን የካድሬ አዳራሽ ሆነ?» ብዬ ስለጠየቅሁ ነው። ጥያቄዬ ሁከት ማነሳሳት ተባለ። በማግስቱ በፒክአፕ ጭነው ከቦኖሻ አለፍ ብሎ ካለ አንድ አሮጌ መጋዘን አወረዱኝ። ግድግዳውም ጣሪያውም የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። በሩ ሲከፈት ፊቴን የመታኝ ወበቅ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ሸሚዛቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። «ግባ ወንድሜ» አለኝ አንዱ፣ «ካፖርት ይዘህ ከሆነ ለጠባቂው ስጠው።»

በሩ አጠገብ ቆርቆሮው ተሰንጥቆ ነበር፤ ነፋስ የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ያቺን ቦታ ያለ ክርክር ለአንድ የሺንሺቾ ሽማግሌ ለቀዋል። እሳቸውም እንደኔ አፋቸው ያመጣባቸው ናቸው። ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። ልባቸው ደካማ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ቆርቆሮው እየጋለ ይንቋቋል፤ የሳቸውም ትንፋሽ ያጥራል፣ ከዚያ እጃችን ላይ ዝልፍልፍ ይላሉ። እኔ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ቶሎ አልነቁም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። እንዲህ ከቀጠለ ሳምንት እንደማይቆዩ ገባኝ።

ነቃ ሲሉ ላጫውታቸው ብዬ ትምህርት ጀመርኩ። «አባባ፣ ሰው ቁጭ ብሎም ቢሆን የመቶ ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያወጣል። እኛ አሥራ ሁለት አምፖል ነን። ከላያችን ደግሞ ፀሐይ የሚጠጣ የጠቆረ ቆርቆሮ አለ።»

«እኔን አትቁጠረኝ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አርጅቻለሁ፣ ከአርባ ዋት አልበልጥም።»

የመጋዘኑ ኃላፊ አንድ ኢንስፔክተር ነው። በየጠዋቱ ያስጠራኝና አንድ የተተየበ ወረቀት ፊቴ ያስቀምጣል። ሕዝብ ለማነሳሳት ብዬ እንደተናገርኩና እንደተጸጸትኩ ይናገራል ወረቀቱ። ከፈረምኩ የዚያኑ ቀን ቤቴ ነኝ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ገፋ አድርጌ ስለ ጣሪያው ነገርኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ስለ ፊርማ ሳወራህ አንተ ስለ ቆርቆሮ ታወራኛለህ?»

«ኢንስፔክተር፣ ሽማግሌው እጅዎ ላይ ይሞታሉ። ግቢው ውስጥ ኖራ አይቻለሁ። ጣሪያውን ነጭ ከቀባነው ፀሐይዋን ይመልሳታል።»

ወረቀቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። «ዛሬ ቀቡት። ነገ ስድስት ሰዓት ራሴ ገብቼ እቀመጣለሁ። ካልቀዘቀዘ ትፈርማለህ።»

«እፈርማለሁ» አልኩ። ወዲያው ምን ነካኝ አልኩ፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

አራት ሆነን ከአንድ ጠባቂ ጋር ወጣን። አንድ ከረጢት ነጭ ዱቄት ግማሽ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩና ውሃ ጨመርኩበት። «ራቅ በሉ፣ ይፈላል» አልኩ በአስተማሪ ድምፅ። ራቁ። ጠበቅን። ጠባቂው ቀረብ ብሎ ጣቱን ነከረና «ይቀዘቅዛል» አለ። አባባ በስንጥቁ ሲያዩን ኖሮ «መምህር፣ ልጆቹንም እንዲህ ነው የምታስተምራቸው?» ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ያ ወረቀት ዓይኔ ላይ መጣ። ለካስ ያ ዱቄት ገበሬ አሲዳማ መሬቱ ላይ የሚበትነው የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው፤ እሳት አላየም። የሚፈላው በምድጃ የተቃጠለው ኖራ ነው። እሳት ውስጥ የዋጠውን ኃይል ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል።

ቢሮው ከተቀባበት የተረፈ፣ የተቃጠለ ጓል ጓል ኖራ የግቢው ጥግ ላይ አገኘሁ። ውሃ ሳፈስበት ሺ አለ፣ ከዚያ ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ በርሜሉን ዋጠው። ጠባቂው «ፈንጂ ነው» ብሎ አንድ ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ቆይቶ ሲመለስ፣ ጫማውን እያጠለቀ፣ «የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው ሲሉኝ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ኖራው ሲበርድ፣ ቆርቆሮው ላይ እንዲጣበቅ ጨው ጨምረን ጣሪያውን በመጥረጊያ ሁለት ጊዜ ቀባነው።

በማግስቱ ልክ በስድስት ሰዓት ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ይዞ ገባ። በሩን ገርበብ አድርጎ አባባ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ የማየው የአባባን ከንፈር ነው፣ ይጠቁር ይሆን ብዬ። አሥር ደቂቃ ሄደ፣ ሃያ ሄደ። ቆርቆሮው አልተንቋቋም። አባባ ደህና ይተነፍሳሉ፣ እንዲያውም ስለ ዝንጅብል ማሳቸው ያወራሉ። ደስታዬን የት ላድርገው! ኢንስፔክተሩ ቆቡን አወለቀ። ቀጥሎ አንገቱ ዘንበል አለ። ቀጥሎ አንኮራፋ። ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ።

ጠባቂው ምሳ ሄዷል። ከመካከላችን አንዱ በሩን አየና ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አሉት አባባ በሹክሹክታ። «ምን ሰርቀን ነው የምንሮጠው? ደግሞ እንግዳ ተኝቷል።»

ተቀመጠ። አባባ የወደቀውን ወረቀት አነሱና፣ የእኔን ጸጸት፣ ከኢንስፔክተሩ ፊት ላይ ዝንብ ያባርሩበት ጀመር። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ሳቄን አፈንኩ።

ኢንስፔክተሩ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። ከዚያ እኛን። ከዚያ በአባባ እጅ ያለውን ወረቀት። ተቀበላቸው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ስለ ፊርማ አንድ ቃል አልተናገረም። ቆቡን እያደረገ «ነገም በዚህ ሰዓት ልምጣ?» አለ።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉት አባባ። «ብቻ ስትመጣ አንኳኳ፣ ልጄ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳልፈርም ተፈታሁ። አባባም ወጥተው ሺንሺቾ ገብተዋል፤ በስልክ እንቀላለዳለን። ተማሪዎቼ ስለዚያ ቤት ሲጠይቁኝ ስለ ወበቁ እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ኖራውም እነግራቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን የማስበው ኢንስፔክተሩ እኛ ዘንድ በተኛ በማግስቱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሆነውን ነው። በሩ ከውጭ ተንኳኳ። አሥራ ሁለታችንም ማን ይመልስ ብለን ተያየን። ቁልፉ በእጁ ነበር፤ ቢሆንም አባባ «ግባ» እስኪሉት ውጭ ቆሞ ጠበቀ።