ከሳልሚያ አቡ ሐሊፋ በአውሮፕላን

እኔ ኩዌት ውስጥ ሰው ቤት የምሠራው ሳልሚያ ነው፤ ጓደኛዬ ደግሞ አቡ ሐሊፋ። መንገዱ ካልተጨናነቀ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኛ ግን ለዓመታት የምንተዋወቀው በስልክ ብቻ ነበር። ቁጥሯን የሰጠችኝ ደሴ ያለች ጎረቤታችን ናት። የኔ ዕረፍት አርብ፣ የሷ እሑድ። ቀን እንዲቀየርልን ብንለምን የኔ ማዳም እሑድ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ አለች፤ የሷ ማዳም ደግሞ አርብ እንግዳ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ሽንኩርት ስንልጥም ልብስ ስናጥፍም ስልኩን ሒጃባችን ውስጥ ሸጉጠን እናወራለን። ወሬው ሲጥም ማዳም ትጣራለች። የቀረውን ስንገናኝ እንባባላለን።

በመጨረሻ ለሁለታችንም ኢጃዛ ተፈቀደልን፤ ዕረፍት ወጥተን አገር ልንገባ ነው። ማዳሞቻችንን ለምነን በአንድ አውሮፕላን ትኬት ተቆረጠልን። እስከ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው ሲሏት ጓደኛዬ አይበቃንም ብላ ተጨነቀች። የትኛውን ወሬ እንደምናስቀድም ሳይቀር ተማከርን።

ድምፅዋን ሰምቼ ረጅም ቀጭን ሴት ትሆናለች ብዬ ነበር፤ ኤርፖርት ያገኘኋት አጭር፣ ደልዳላ ሴት ናት። እሷም ሌላ ሰው ጠብቃ ኖሮ፣ ተቃቅፈን እያለቀስን እንኳ ቀና እያለች ታየኝ ነበር።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወደ ኩዌት ስትመጣ አውሮፕላኑ ሆዷን ገልብጦ አበሳዋን አሳይቷት ስለነበር፣ አሁን የማቅለሽለሽ ኪኒን እንደዋጠች ነገረችኝ። አንዱ ባይበቃስ ብላ ሁለት። እኔ ቸኩያለሁ።

«የማዳምሽ እኅት ሠርግ ለምን ቀረ?» አልኳት።

«ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልሽ» አለችና ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ምግብ መጣ፤ አልነቃችም። ዶሮዋን ላቆይላት አስቤ ነበር፣ በኋላ በላሁት። ቀይ ባሕርን ስንሻገር በክርኔ ነካ ባደርጋት ማንኮራፋቷን አሳመረችው። ብርድ ልብስ ያለበሰቻት አስተናጋጅ ትተዋወቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ገና ልንተዋወቅ ነው» አልኳት።

ጎማው መሬት ሲነካ ዓይኗን ገለጠች። «እናልሽ ሙሽራው…» ብላ ቀጠለች። ደርሰናል ብላት አላመነችኝም፤ በመስኮቱ ካየች በኋላ ግን ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ጎተተች። የሠርጉን ወሬ ካለመስማቴ ይልቅ ያሳዘነችኝ እሷ ናት።

ደግነቱ ደሴ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ነው። ሌሊቱን በየዘመዶቻችን ቤት አድረን፣ በማግስቱ ገና መናኸሪያውን ሳንወጣ ጀመረች። ከኋላችን የተቀመጡት ሽማግሌ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ደብረ ሲና ልንበላ ስንወርድ «ልጄ፣ እኔ ሳልመለስ እንዳትቀጥዪ» አሏት። ለካ ሠርጉ የቀረው ሙሽራይቱ አምስት ድመቶቼን ይዤ ካልገባሁ ብላ ነው። ሽማግሌው ለሙሽራው ፈረዱ፤ እኔ ለድመቶቹ። እስከ ኮምቦልቻ ተከራከርን።

ደሴ ስንደርስ የጓደኛዬ ድምፅ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ሊቀበሏት የወጡት እናቷ ቢያናግሯት ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እሳቸውም ዐረቦቹ ልጄን ምን አድርገው ላኩብኝ ብለው እዬዬ አሉ፤ ማስረዳቱ እኔ ላይ ወደቀ።