አሎሎ ወርዋሪዋ ገነቴና የመምህሩ ስም

ሆሳዕና ውስጥ አሎሎ የምትወረውር ሴት ስንት አለች ብላችሁ ጠይቁኝ። ሳልቆጥር እነግራችኋለሁ፤ አንድ። እሷም ገነቴ ናት። ኳስ ተጫዋቹ መዓት ነው፣ ሯጩም ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን ይሞላዋል። ኳስ ተጫዋች የሚያቀብለው ሰው አለው፣ ሯጭም አጠገቡ የሚተነፍስ ሰው አለው። አሎሎ ግን ብረት ነው። ትወረውረዋለህ፣ ዱብ ይላል፣ ከዚያ ራስህ ሄደህ ታነሳዋለህ። ገነቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኮሌጁ ሜዳ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ስትወረውርና ስታነሳ ኖረች።

ክንዱን ያመጣችው ከሌሞ፣ ከከተማው ዙሪያ ካለው ገጠር ነው። እንሰት ሲፋቅ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ጉልበት ባያወራ ይሻለዋል። እግርን ዘርግቶ፣ ግንዱን በአንድ እግር ረግጦ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፋቀው፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ቆጮው ሲጨመቅማ የእጅ አንጓ ያቃጥላል። ከተማ ውስጥ ብረት የሚያነሱ ወጣቶች አሉ፣ መስታወት ፊት ቆመው ክንዳቸውን የሚያዩ። አንዷን የሌሞ ሴት አምጥቼ ብገጥማቸው ቤታቸው ገብተው በር ይዘጋሉ። ገነቴም ኮሌጅ የገባች ዓመት አሰልጣኝ ዳኘ አዲሶቹን ተማሪዎች አሰልፎ አሎሎ አስወረወረ። የሷ አሎሎ፣ ሜትር የያዘውን ልጅ አልፎ አጥሩን መታ።

«ይህን ክንድ ከየት አመጣሽው?» አለ ዳኘ።

«ከእናቴ ጓሮ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሌጁን ወክላ ትወረውር ጀመር። ሁለት ዓመት ሄደች፣ አንዴ አራተኛ፣ አንዴ ሦስተኛ ወጣች። ዘንድሮ ውድድሩ ሶዶ ነው። ዳኘ በሜትር እየለካ «ዘንድሮ ያንቺ ነው» ብሏታል። ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ከዚህ በኋላ ትመረቃለች፣ ሌላ ዓመት የላትም።

ሕጉ ግን አለ። የኮሌጅ ስፖርተኛ በጉልበት ብቻ አይሄድም። ድምር ነጥቡ ሁለት መሙላት አለበት። አንድ ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ ቢሆን እንኳ አውቶቡስ አይወጣም። ጥሩ ሕግ ነው፤ አንዳንዱ ኳስ እየለጋ ስሙን መጻፍ ሳይችል ሊመረቅ ነው እኮ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፣ ስሙን መጻፍ የሚችለውን ሁሉ ግን በወሬ እረታዋለሁ። ይሁን፤ ወደ ገነቴ እንመለስ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ትምህርቱ መሃል ላይ እያለ፣ እነ ገነቴ ቤት ሽማግሌ መጣ። የታጨችለት ልጅ ምስክር ይባላል፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል። አምስት ዓመት ሆነው ከሄደ። ሳይሄድ በፊት ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር አይቷታል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በስልክ ነው። አባቷ እሺ አለ፣ እናቷም እሺ አለች፣ እሷም እንቢ አላለችም። ጨዋ ቤት ነው፤ የልጁ አባት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የተከበረ አስተማሪ። የት አስተማሪ ብትሉ፣ እዚያው ገነቴ የምትማርበት ኮሌጅ። ምን አስተማሪ ብትሉ፣ ስታቲስቲክስ። መምህር ኃይሉ ይባላል። ያን መንፈቅ ገነቴን የሚያስተምራት እሱ ነበር።

እንግዲህ የኛን አገር ወግ የማያውቅ ይስማ። በሀዲያም በከምባታም ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ የጥንቶቹ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ይሸሻሉ። አንጋጫ ገበያ አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ አማቷ ገብሬ ይባላል። ገብስ ልትገዛ ትመጣና «ያን ለበሶ የሚሆነውን ስጠኝ» ትላለች። ነጋዴዎቹ ተንኮለኞች ናቸው፤ «ስንዴ ነው? አጃ ነው?» እያሉ ያደክሟታል። አንድ ቀን ተናደደችና በሁለት እጇ ከጆንያው ዘግና ሻጩ ራስ ላይ በተነችው። ገብስ ግን አላለችም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

የዛሬ ልጆች እንዲያ ድረስ አይሄዱም። ስሙን ግን አይጠሩም። ገነቴን እናቷ መክራታለች፤ «ስሙ ካፍሽ አይውጣ፣ ፊት ለፊቱም አትቁሚ።» ስለዚህ ከታኅሣሥ ወዲህ ገነቴ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥያቄ መጠየቅ ተወች። መምህር ኃይሉም ጨዋ ሰው ነውና፣ ተማሪ ሲቆጥር እሷ ጋ ሲደርስ ስሟን ሳይጠራ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ጓደኞቿ መጀመሪያ ሳቁ፣ «የአስተማሪ ምራት» አሏት። ቆይተው ደግሞ አጠገቧ ሲያወሩ ድምፃቸውን መቀነስ ጀመሩ፣ ወሬያቸውን ለአማቷ የምታደርስ ይመስል። ምሳ ብቻዋን መብላት የጀመረችው ያኔ ነው።

የመጨረሻው ፈተና መጣ። ሁለት መምህሮች የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተፈተኑ። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ የተማሪው ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የመምህሩ ስም። ሁለቱን ሞላች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ያውቁታል ብላ ባዶውን ተወችው። ጥያቄዎቹን ሠርታ፣ ደስ ብሏት ወጣች።

የካቲት ላይ ውጤት ወጣ። ስታቲስቲክስ፣ ዲ። ድምር፣ አንድ ነጥብ ዘጠና ስድስት። በሁለተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወደ ሶዶ የሚሄዱት ስም ተለጠፈ። የገነቴ ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል።

ዳኘ ሜዳው ዳር አገኛት። «ጉልበት ቢሆን የጎደለሽ እጨምርልሽ ነበር፣ አንቺ ልጅ! ነጥብ ከየት አባቴ ላምጣ?»

«ጥሩ ነበር የሠራሁት ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ሂጂና ጠይቂ። እኔ እንዳልሄድልሽ አሰልጣኝ ለነጥብ መምህር ቢሮ መግባት ክልክል ነው። አምና አንዴ ገብቼ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ። ስም ዝርዝሩ ዓርብ ይዘጋል።»

ማክሰኞ ነበር። ሬጅስትራር ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ኢልሃም የሌሞ ልጅ ናት፤ ኮምፒዩተሩን አየች፣ ዲፓርትመንት ደወለች፣ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ፈተናሽ አልታረመም። የመምህር ስም የሌለው አንድ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል ይላሉ፤ ያንቺ ነው። ወረቀቶቹን የለየው ሰው የየትኛው መምህር እንደሆነ ስላላወቀ ለአንዳቸውም ሳይሰጥ አስቀርቶታል። ዲው የመጣው ከፈተናው በፊት ከያዝሽው ነጥብ ብቻ ነው። ለምን አልጻፍሽም?»

ገነቴ የመስኮቱን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች።

«መምህሩ ማነው?»

ገነቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ኢልሃም ቀና ብላ አየቻትና ገባት። «ውይ! አማትሽ ነው እንዴ?» ሳቋ መጣ፣ የገነቴን ፊት ስታይ ግን አፏን በእጇ ያዘች። «ይኸው ፎርሙ። በራስሽ እጅ ትሞያለሽ፣ ራስሽ ወስደሽ ታስፈርሚያለሽ።»

«አንቺ ጻፊልኝ፣ በናትሽ።»

«እህቴ፣ አምና ላንዱ አዝኜ ጽፌ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ልጆች አሉኝ።»

ገነቴ ፎርሙን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ረቡዕን ሙሉ ይዛው ዞረች። መምህር ኃይሉ በግቢው ሲያልፍ ሁለት ጊዜ አየችው፤ ሁለቴም ልማድ ሆኖባት ዛፍ ጀርባ ሆነች። የሚፈልጉትን ሰው ራሱን መሸሽ ምን ያህል እንደሚያደክም እሷ ታውቃለች። ማታውን ለምስክር ደወለች።

«አባቴ ቢሮ?» አለ ምስክር። ከኋላው ደንበኛ ሳሙና ይጠይቃል። «አንቺ አባቴን ልትከሽ ነው?»

«ክስ አይደለም። ወረቀቴን እንዲያርመው ነው።»

«እንዴት ብለሽ ነው ፊቱ የምትቆሚው? ሰው ምን ይላል? ሽማግሌ የላኩት ለዚህ ነው? ብረት መወርወር ምን ያደርግልሻል? ስመጣ ሁሉም ይስተካከላል።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«የመኖሪያ ወረቀቴ ሲያልቅ።»

አምስት ዓመት ያላለቀ ወረቀት ነው። ገነቴ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ክፍሏ ውስጥ አራት አልጋ አለ፤ ሦስቱ ልጆች ለመንፈቁ እረፍት ቤታቸው ሄደዋል፣ ፍራሾቹ ተጠቅልለዋል። ከሷ ጋር የሚያወራ አልነበረም፤ ቢኖርስ ምን ትለዋለች?

ሐሙስም እንዲሁ አለፈ። ዓርብ ጠዋት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ፎርሙን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እጅ አፍ አይደለም አለች ለራሷ። እናቴ ያለችው ካፍሽ አይውጣ ነው። ጻፈችው። ሦስት ፊደል ናት፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት።

ቢሮው ሦስት መምህራን የሚጋሩት ነው። በሩ ላይ ወደ ጎን ዞራ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ቆመች። መምህር ኃይሉ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ መጽሐፍ ይፈልጋል። ቅርብ ያለው ወንበር ላይ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት መምህር አለ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ጥፋት የለበትም።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት።

ፎርሙን ዘረጋችለት። ልጁ ሻይ በአንድ እጁ፣ ዳቦ በአንድ እጁ ይዟል። «እጄ ቅባት ነው። ንገሪኝ፣ ማንን ልጥራልሽ?»

ሦስተኛው መምህርም ቀና አለ። እሱ የአገር ልጅ ነው፣ የመምህር ኃይሉ ሚስት የወንድም ልጅ። ጉዳዩ ገብቶት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ቀደመችው።

«መምህር ኃይሉን» አለች።

ይሄን አሎሎ ስትወረውር እንኳ እንዲህ አልደከማትም። መስኮቱ ጋ ያለው ጀርባ አልዞረም። መጽሐፉን ቦታው መለሰ፣ ሌላ አወጣ፣ እሱንም መለሰ። ከዚያ መጥቶ ፎርሙን ወሰደ፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ እንጂ እሷ ላይ አይደለም።

«ፈተናውን ሳትቀመጪ የቀረሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለምን ብዬ እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ያንቺን ነገር እኔ የምጠይቀው በማን በኩል ነው?»

«ተቀምጫለሁ። ወረቀቱ ዲፓርትመንት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።»

ወጣ፣ ከመሳቢያው ወረቀቱን አምጥቶ እዚያው አረመው። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ዲው ቢ ሆነ። አንድ ነጥብ ዘጠና ስድስቱ ሁለት ነጥብ ዜሮ አምስት ሆነ። ፈረመ። ሲሰጣት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የፈረመው መምህርሽ ነው። ወረቀትሽ ነው፣ መብትሽ ነው፣ ቀድሞም ልትመጪ ይገባ ነበር። የሰማው ግን አማትሽ ነው። ብቻዬን ብሰማ ኖሮ አልሰማሁም እል ነበር።» የሚስቱን ወንድም ልጅ አላየውም፣ ግን ማለቱ ስለሱ ነው፤ ዘመድ ሰምቷል።

ገነቴ ፎርሙን ይዛ ሮጠች። ኢልሃም መዘገበችው፣ ዳኘ ቀዩን መስመር በጥቁር ጽፎ ሻረው። የሆሳዕና ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል። ከሰዓት በኋላ እናቷ ደወለች።

«ስሙን ጠራሽው አሉ፣ በሰው ፊት።»

«ጠራሁት፣ እማዬ።»

«ሌላ መንገድ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«አባትሽ ምሳ አልበላም» አለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ወጣ። ኳስ ተጫዋቾቹ ከኋላ ሆነው ይዘፍናሉ፣ ከበሮውን መቀመጫ ላይ ይመታሉ። ገነቴ ከሹፌሩ ኋላ፣ መስኮት ጋ ተቀመጠች። አጠገቧ ማንም አልተቀመጠም፣ የውኃ ካርቶን ብቻ። ዱራሜ መገንጠያው ሲያልፍ፣ ከዚያም የሻሾጎ ሜዳ በስተግራ ሲታይ፣ የሰው እርሻ እየቆጠረች ሄደች። እኔ ያን መንገድ በግር ሄጄዋለሁ፤ በግር ሲሆን ቢያንስ ሰላም የሚል ሰው ይገኛል።

ሶዶ ላይ ዳኘ ሯጮቹን ይዞ ትራኩ ጋ ነበር። አሎሎው ከሜዳው ማዶ ነው። ሌሎቹ ወርዋሪዎች ጃኬታቸውን የሚይዝላቸው፣ ውኃ የሚያቀብላቸው አላቸው። ገነቴ ጃኬቷን አጥፋ ሣር ላይ አኖረችው። የመጀመሪያው ውርወራዋ ክቡን ረግጣ በመውጣቷ ተሰረዘ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አስቀመጣት።

ሦስተኛውን ስትጠብቅ ስልኳ ነዘረ። ከምስክር ነው። «ሐሙስ ሽማግሌዎቹ እጮኝነቱን ሊያፈርሱ እናንተ ቤት ይመለሳሉ። ከኔ የሰማሽ ይሻላል ብዬ ነው። ይቅርታ።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። የምትነግረው ሰው ዞር ብላ ፈለገች። ሜትር የያዘው ዳኛ ነበር፣ አንዲት የማታውቃት ረጅም ልጅ ትከሻዋን ታሻሻለች፣ ከማዶ ትራኩ ላይ ጩኸት ነበር፣ ለሌላ ሰው።

ዳኛው ቁጥሯን ጠራ። ስልኩን ጃኬቷ ሥር አስገባችው። እጇን በሱሪዋ አበሰች፣ ብረቱን አነሳች፣ አንገቷ ሥር አስጠጋችውና ክቡ ውስጥ ገባች።