መርዶ የመሰለው ሙዚቃ

በለጥሻቸው ሜልበርን ከገባች ወዲህ ሁለት ሥራ ነው የሠራችው። መጀመሪያ ሰንሻይን ውስጥ ዶሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ ተቀጠረች። ቅዝቃዜው ጣቷን እያደነዘዘ ሲያስቸግራት ኮርስ ወስዳ ዌስት ፉትስክሬይ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ተዛወረች። ቤቷ ዋይንድሃም ቬል ስለሆነ መንገዱ ይረዝምባታል፤ ቢሆንም አታማርርም። ተጦሪዎቹ ስሟ ሲከብዳቸው «ቤላ» ይሏታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ2015፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ጋሼ ፋንታሁን ምሳ መብላት አቆሙ።

ጋሼ ፋንታሁን ከተጦሪዎቹ መሃል ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ አንድዬ ልጃቸው ናኦድ ወደዚህ አመጣቸው። ናኦድ በምዕራቡ በረሃ ማዕድን ፍለጋ ስለሚሠራ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ገብቶ ይሰነብታል። ያን ሰሞንም እዚያው ነበር።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሾርባውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ለቁርስም ለራትም ማንኪያ ማንሳት ተዉ። ሐኪሙ አያቸውና፣ በዚሁ ከቀጠሉ ሆስፒታል ገብተው በቱቦ መመገባቸው አይቀርም አለ። በዚያ ዕድሜ ሆስፒታል የገባ ሰው ስንቱ እንደሚመለስ በለጥሻቸው ታውቃለች። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ።»

«ዛሬ ደግሞ አንቺን ላኩሽ?»

«ማን ይልከኛል? ሥራዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አብልታችሁ ልትነግሩኝ ነው።»

«ምኑን?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የናኦድን ነዋ። እኔ ስንቱን አርድቻለሁ፣ ልጄ። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም፤ አስቀድሞ እህል ይቅመስ ይባላል። እናንተ ደግሞ ያን ነገር ከፍታችሁ ብላ ትሉኛላችሁ።» በአገጫቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ።

በለጥሻቸው ቀና አለች። ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይወርዳል። ከሰሞኑ ጀምሮ በምሳ ሰዓት የሚከፈት ነው፤ እሷ ግን የፍሪጅ ድምፅ ያህል እንኳ ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ዘፋኝ የለውም። አራት ባለ ክር መሣሪያዎች ቀስ እያሉ፣ አንዱ ሌላውን እያስተዛዘነ የሚሄዱ ይመስላል። አገር ቤት ሬዲዮው ዘፈኑን አቋርጦ እንዲህ ያለውን ሲያሰማ ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር ትዝ አላት።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«እሱም ይባላል።»

የገዛ አባቷ ሲሞቱ አክስቶቿ «ትንሽ አሟቸው ነው» እያሉ አሳድረዋታል።

ሙዚቃውን የመረጠችው ኑሀሚን ናት። እዚሁ ያደገች፣ በሙዚቃ የማከም ሙያ ተምራ በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ ናት። አማርኛዋ መንገድ ላይ ያልቅባታል። በለጥሻቸው ሄዳ የሽማግሌውን ነገር ነገረቻት።

«እትዬ በለጥሻቸው፣ ስትሪንግ ኳርቴት ነው እኮ። ቴምፖው ስሎው ስለሆነ ሰው ሪላክስ ያደርጋል። ሙዱ ፒስፉል ነው።»

«ለአንቺ። ለእሳቸው ለቅሶ ነው።»

«የዜማው ቁልፍ እንኳ የሚያሳዝነው ማይነር አይደለም። ሜጀር ነው፤ ደስ የሚለው።»

«ቁልፉ ደስ ይበለው፤ እሳቸው የሰሙት ቀስ ማለቱን ነው። እኛ አገር ሬዲዮ እንዲህ ያለ ቃል የሌለው ነገር ካሰማ፣ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል ወይ መንግሥት ወድቋል።»

ኑሀሚን ሳቅ ጀመረችና አቋረጠችው። «ሲሪየስሊ? ላጥፋው በቃ?»

«አሁን ብታጠፊው፣ ቀብረውት ተመለሱ ይላሉ።»

ከዚያ ኑሀሚን ኮምፒውተሯን ወደ እሷ አዞረች። ቅጂው አራት ክፍል አለው፤ እሷ የመረጠችው ሁለተኛውን፣ ዝግተኛውን ብቻ ነው። አንደኛው ፈጣን ነው፣ ሦስተኛው የጭፈራ ምት አለው፣ አራተኛው ደግሞ ሩጫ ነው።

«ሙሉውን ብናሰማቸውስ?» አለች ኑሀሚን።

በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ከመጀመሪያው ከፈተችው። ፈጣኑ ሲያልፍ ጋሼ ፋንታሁን ግድግዳ ያያሉ። ዝግተኛው ሲጀምር አንገታቸውን ደፉ። በለጥሻቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ዳቦውን አስጠጋችላቸው። ከዚያ ሦስተኛው መጣ። አራቱ መሣሪያዎች ባንድ ላይ እመር፣ እመር አሉ። ጋሼ ፋንታሁን ቀና አሉ።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«እነዚያው ናቸው፣ ጋሼ።»

«አሁን ሲያለቅሱ የነበሩት?»

«አዎ።»

«ሳልስት እንኳ ሳይወጣ?»

«ሳልስት የላቸውም። ሲጫወቱ ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ አዳመጡ። አንደኛው ቫዮሊን እንደ መሳለቅ ብሎ ወጣ፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

«አስከሬን አስቀምጦ እስክስታ የሚወርድ ሰው የለም» አሉ። «ባለጌ ካልሆነ።»

«ባለጌ አይደሉም» አለች ኑሀሚን ከወዲያ ጥግ።

«እንግዲያው የሞተ የለም።» ወደ በለጥሻቸው ዞሩ። «የለም?»

«የለም» አለች።

ዳቦውን ቆርሰው ሾርባው ውስጥ ነከሩት። ናኦድን ግን እስካሁን ማንም አላገኘውም ነበር። በለጥሻቸው ደጋግማ ደውላለታለች፤ ስልኩ አይሠራም የሚል ድምፅ ነው የሚመልስላት። እነዚያ አራት ሰዎች የጨፈሩት ስለ ናኦድ አውቀው አይደለም። የለም ያለችው እሷ ናት፤ እሷም አታውቅም። አንድ ነገር ሆኖ ቢገኝ የሽማግሌውን ዓይን ምን ብላ ታያለች? ሳህኑ እስኪጸዳ ድረስ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ እንደገና ደወለች። አይሠራም።

የቀጠለው ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሽማግሌው እየበሉ፣ እሷ ቤቷ ገብታ እህል እየገፋች። ባሏ ምን ሆነሽ ሲላት ደክሞኝ ነው ትለዋለች።

ቅዳሜ የጋሼ ፋንታሁንን አልጋ ስታነጥፍ ስልካቸው ጮኸ። አንስተው ብዙ አዳመጡ፤ ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል አልተነፈሱም። «እሺ፣ እሺ፣ ውሃ ጠጣ» ብቻ አሉ። ከዚያ ስልኩን ዘረጉላት።

«እንኪ፣ ሰላም በይው።»

«እትዬ በለጥሻቸው፣» አለ ናኦድ፤ ድምፁ አቧራ የገባው ይመስላል። «ብዙ ሚስድ ኮል አየሁ። አባዬ ደህና ነው? ይበላል?»

ትራሱን ደረቷ ላይ አቅፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ይበላሉ» አለች በመጨረሻ። «ከበረሃው ስትወጣ ግን መጀመሪያ ለእኔ ደውል።»

ስልኩን መለሰችላቸውና ትራሱን ልብስ አልብሳ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደች።